ጋሼና ቢጫው በቆሎ

ግንቦት 12
ብልቃጥ ስመዝን ዋልኩ። ሠላሳ ሁለት ብልቃጥ፣ በየአንዳንዱ አፈርና ፍግ፣ በጥቂቶቹ ሰጋቱራ የተቀላቀለበት። ፍጉ ለሰብል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚለቅ መለካት ነው ሥራዬ። ከሰው ጋር አላወራሁም። ሬዲዮኑ ካልተቆጠረ።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ደወለ! ታላቅ ወንድሜ። አባባ ከሞቱ ወዲህ የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። «አንቺ ልጅ፣ የዶሮ ቤቱን ፍግ ከነሰጋቱራው በቆሎው መሬት ላይ ልበትነው? ማዳበሪያው ይቅርብኝ?» ምክር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ደስታዬን መቻል አቃተኝ። «በትነው፣ ምን ትፈራለህ!» አልኩት።

ግንቦት 20
ሰጋቱራ ያለበት ብልቃጥ ውጤት ደረሰ። ናይትሮጅኑ በመጨመር ፈንታ ወርዷል። ተሳስቼ ለክቼ ይሆን? መልሼ አልለካሁትም። ጋሼ ነገ ይዘራል... ደውዬ ቆይ ልበለው? ምን ይለኛል? ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኔ 22
በቆሎው ቢጫ ሆኗል። የነገረችኝ ሚስቱ ናት። «ኩርፊያው ለጉድ ነው እህቴ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ይስቅበታል» አለችኝ።

ሰጋቱራውን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ራሳቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። እነሱ ሳይጠግቡ ለበቆሎው አይተርፍም። ሲጠግቡ ነው የሚለቁት። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ነገር እኮ ነው! ወይኔ...

ሰኔ 23
አልደወለም።

ሰኔ 27
ሄድኩ። ማሳው ዳር ቆሞ አገኘሁት። ሰላም እንኳን አላለኝም።

«ነገ ገልብጬ አርሰዋለሁ።»

«ትንሽ ጠብቅ ጋሼ፣ ሰጋቱራው ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይለቀዋል።»

«አንቺን ሰምቼ አይደል እዚህ የደረስኩት!»

እውነት ነው። ያኔ አፍርጬ ነገርኩት። ከመዝራቱ በፊት ብልቃጡ ላይ እንዳየሁት። ዝም እንዳልኩት።

«ለምን?» አለኝ። ድምፁ ቀጥኖ።

«ስለጠየቅከኝ... አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ዳግመኛ አይጠይቀኝም ብዬ ፈራሁ።»

ፊቱን አዞረ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ።

ሐምሌ 9
ክፍሌ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። ሁለቱም ላይ ልብስ ተቆልሏል። የሚቀመጥ የለማ። ዛሬ ድምፄን የሰማሁት ዳቦ ስገዛ ብቻ ነው።

ነሐሴ 4
ሚስቱ ደወለች። ጋሼ ግማሹን አርሶታል። ግማሹን ግን እሷ «በእኔ ሞት!» ብላ አስቀርታው ነበር... አረንጓዴ ሆኗል! አጭር ነው፣ ግን አረንጓዴ። «እሱስ ምን አለ?» ብላት ወሬውን ወደ ዶሮዎቹ አዞረችው። ያረሰው ግማሽ ግን በእኔ ምክንያት ጠፋ። ደስ አለኝም፣ ከፋኝም።

ነሐሴ 15
ጋሼ መጣ። ሳይደውል፣ ላብራቶሪው በር ላይ። ሁለት ላስቲክ አፈር ይዟል፣ አንዱ ካረሰው፣ አንዱ ካላረሰው። ጠረጴዛዬ ላይ ለየብቻ ዘረገፈው፤ ሥራዬን ሁሉ አፈር በአፈር አደረገው።

«በይ ለኪልኝ። ለከርሞ ፍጉን ከመዝራቴ ስንት ሳምንት ቀድሜ ልበትን?»

ስድስት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም ጋሼ» አልኩት። ፊቴ ጋለ።

የእጁን አፈር አራገፈ። «መቼ ታውቂያለሽ?»

«እሱ እኮ በየሳምንቱ የሚለካ ነው፤ ወራት ይፈጃል።»

«ይፍጅ! ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ።»