አባዬ የመረጡት ካምቢዮ

ወንድሜ ያደታ፣ አካም ጂርታ? እኛ ቡራዩ ሰላም ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ለቤቱ የሚገዛውን መኪና አባዬ ይምረጡ ብለህ አልነበር? ሁለቱን መኪኖች የሱሉልታ ዳገት ላይ ሞከርናቸው። የመጀመሪያው፣ የተለመደው ኦቶማቲክ፣ ማርሽ እየቀየረ በእርጋታ ወጣ። ሁለተኛው ሲቪቲ የሚሉት ነው፤ ማርሽ ስለማይቀይር ሞተሩ ዳገቱን ሙሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ!

ከዚያ ጉድ በል! ሠላሳ ዓመት ጭነት መኪና የነዱት፣ የሰው መኪና ማርሽ ሲቀይር ጓሮ ሆነው የሚለዩት አባታችን፣ ወደሚጮኸው ወደ ሁለተኛው እያመለከቱ፣ "ይኼኛው ይገዛ፤ ምንም ድምፅ የለውም" አሉ። እኔ ክው አልኩ።

መኪናው ይቆይ። ስትደውልላቸው ግን በቪዲዮ ይሁን፤ አፍህ በደንብ እንዲታያቸው ብርሃን ላይ ቁም።

ዋቃ በጤና ያገናኘን።

እህትህ ዱርሲቱ