ተራራ የተሳለባት መኪና

ለዘህራን እናት፤

የአላህ ሰላምና ምሕረት በአንቺ፣ ባረፍሽበት ቤትና በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር በሚያድሩት ሁሉ ላይ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የባሕሩን ወበቅ ለመደው ወይስ እዚያም ይጠዘጥዝሻል? የልጅ ልጆቼስ እንዴት ናቸው? ትንሿ እንቅልፍ ሲመጣባት አሁንም ጆሮዋን ትጎትታለች? ስለ እኔ የጠየቅሽ እንደሆነ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይግባውና ጤነኛ ነኝ። ቤቱ ቆሟል፤ የመስኖው ውኃ በተራው ይደርሰናል፤ ሮማኑም በስሏል። የጎደለ ነገር ካለ እኔ አላየሁትም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ልጅሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንቺ ማንበብ አትችይምና። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ፊደል አስተምረኝ ብለሽኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ውዬ ማታ ደግሞ ሚስቴን የማስተምርበት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ዛሬም አይቆጨኝም። ስለዚህ ዘህራን፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ። ስለ አንተ ከተጻፈው ዘንድ ስትደርስ አትዝለል፤ አታለስልስ፤ በእኔ ቃል ፈንታ የራስህን አታስገባ። መስመሮቹ እዚህም እዚያም ተደራርበው ብታገኛቸው ሁለቱንም አንብብ። ከሥራቸው ማስመሪያ አኑሬ ነው የምጽፈው፤ እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። ጎረቤታችን ኻልፋን ከሙስካት ሲመለስ መልእክትሽን አደረሰልኝ። «ኡስታዝ፣ እኔን እንዳይቆጡኝ፤ እኔ ተላላኪ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ተናገርና ውጣ» አልኩት። እርሱም፣ «የዘህራን እናት ‹አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ› ብለዋል። ያቺን መኪና ግዛ ብለው ሲፈርዱ ተራራውን እንደማትወጣ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? አውቀው ከሆነ ደጃቸውን አልረግጥም። ሳያውቁ ከሆነ እንዴት ሳያውቁ እንደቀሩ ይንገሩኝ፤ በማግሥቱ እመጣለሁ» ሲል እንደ ተማሪ በቃሉ አነበነበው። በስልክ ለምን አትጠይቀኝም ብዬ ብጠይቀው፣ «በስልክ ያሉትን ነገ አላልኩም ይላሉ፤ ቀለም ይፍሰስበት ብለዋል» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀለሙ ይኸው።

ከረመዳን በፊት በነበረው ዐርብ ልጅሽ በኻልፋን መኪና ተሳፍሮ መጣ፤ የራሱ አሮጌ መኪና ሞተሯ ነክሶ ቆማበት ነበርና። ከሮማኑ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። «አባቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሙስካት ውስጥ ከሲብ እስከ ሩዊ በመኪና ጎርፍ ውስጥ እንደ ኤሊ እየተንፏቀቅሁ ሥራ እገባለሁ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ልጆቹን ይዤ ወደ እናንተ፣ ወደ ተራራው መውጣት እፈልጋለሁ። ሁለት መኪና የመግዛት አቅም የለኝም፤ አንዷ ለሁለቱም ትሁነኝ» አለ። በምኞቱ ነውር አላገኘሁበትም። ምኞቱን የሚሸከም ጀርባ ግን አልነበረውም።

ሁለት መርጦ ነበር። አንደኛዋ ጠባብ፣ መቀመጫዋ ደረቅ፣ አስፋልት ላይ የምትጮኽ፣ ቤንዚን የምትጠጣ ናት፤ ነገር ግን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ሁለተኛዋ ለስላሳና ዝምተኛ፣ ጣሪያዋ መስታወት፣ መቀመጫዋ ቀዝቃዛ አየር የሚተነፍስ፣ ነዳጅ የምትቆጥብ ናት። ከመሬት ከፍ ብላለች፤ በጎማዎቿ ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ ታጥቃለች፤ ከላይዋ የዕቃ መጫኛ ብረት አላት። ላያት ሁሉ ድንጋይ የምትበላ ትመስላለች። ሚስቱ ዙወይና የወደደችው ይህቺኑ ነው፤ ልጆቹ በመስታወቱ ኮከብ ያያሉ አለች አሉ። ከሙስካት ሰማይ ላይ ኮከብ!

ሻጩ ደግሞ ከማርሹ አጠገብ ያለ አንድ መዞሪያ አሳይቶታል። አሸዋ፣ ጭቃና ተራራ ተስለውበታል። «ወደ ተራራው ሥዕል ስታዞረው ትወጣለች አለኝ» አለ ልጅሽ። ጢሙ የሸበተ ወንድ፣ ሻጭ የነገረውን አምኖ ለአባቱ ሲደግም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ቀጥሎ ግን፣ «ልቤ አልተረጋጋም» አለና የለስላሳይቱን መኪና ዝርዝር የያዘ ወረቀት አወጣ። «ሻጩን አላምነውም፤ ራሴንም አላምንም። እርስዎ ይህን ተራራ አስፋልት ሳይነጠፍበት በጭነት መኪና የወጡ ሰው ነዎት። ያንብቡልኝ። የኋላ ጎማዋ የሚጎትት ከሆነ ይህችን፣ ካልሆነ ያቺን እገዛለሁ» አለኝ።

ራሱን አለማመኑ ትክክል ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን እስኪያልፍ ድረስ እኔ ሳላየው አንድም የቤት ሥራ አስረክቦ አያውቅም። ስሕተት ሲገኝበት የማስመሪያው ጠርዝ የጣቱን አንጓ ያውቀው ነበር። አንቺ ከማድቤቱ በር ቆመሽ ታለቅሺ ነበር፤ እኔ ግን ከልቅሶሽ ይልቅ የእርሱ መማር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አንቺ ያን ዐርብም ከዚያው በር ቆመሽ አይተሽኛል። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። አቀረብኩት፤ አራቅሁት፤ ገለጥኩ፤ መለስኩ። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትወርድ ድረስ ያዝኩት። ከዚያም አጥፌ መለስኩለትና «ይህችን ግዛ» አልኩት። እጄን ሳመ። በማግሥቱ ገዛ።

የዒድ ዕለት ጠዋት ሥጋው በቅመም ታሽቶ ከጉድጓዱ ፍም ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ስልክሽ ጮኸ። ልጅሽ ከተራራው ግርጌ፣ አራቱም ጎማዋ የማይጎትት መኪና ከማያልፍበት የፖሊስ ኬላ ነበር። ወጣቱ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ የመኪናይቱን ሆድ ከኋላ በኩል አይቶ፣ ሊብሬውን አንብቦ፣ «ወንድሜ፣ የፊት ጎማዎችህ ይሠራሉ፤ የኋላዎቹ ለአጀብ የተከተሉ ናቸው። ሥዕሉ የተራራ ነው፤ መኪናዋ የገበያ ናት። አዙራት» ብሎታል። ከኋላ የተሰለፉት ጥሩምባ ነፉበት። አንዱማ፣ «ወንድም፣ ጣሪያውን ክፈትና በክንፍ ሞክራት!» ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሳቀበት አሉ። ልጆቹ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። መልካም ነው፤ አባታቸውን በጊዜ ማወቅ አለባቸው።

ስልኩን ከእጅሽ ወስጄ ያልኩትን አልረሳሁትም፦ «ያ ፖሊስ ከአንተ ይልቅ አንባቢ ነው፤ ውረድና ከእግሩ ሥር ተማር።» እርሱም፣ «አባቴ፣ ያነበቡት እኮ እርስዎ...» ብሎ ጀመረ። ዘጋሁበት።

አንቺ ግን አልዘጋሽም። «ይነሡ፤ ፒካፑን ያስነሡና ይውረዱ፤ ልጆቹን ያምጡልኝ» አልሽኝ። የእኔ መኪና የሳሎን ዕቃ ለሚገዛ ሰው አህያ አይደለችም አልኩሽ። ለመንሽኝ። እግሬ ሥር ቁጭ ብለሽ ለመንሽኝ። አልተነሣሁም። ያን ጊዜ ቆምሽና፣ «አንተ ሰው፣ አላህ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠህ?» አልሽኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ «አንተ» ያልሽኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰምቼዋለሁ፤ አስቀምጬዋለሁ።

የመንጃ ፈቃዴን ነገር ደግሞ ለኻልፋን እንዳነሣሽለት ደርሶኛል፤ ለምን አላሳደሱም ብለሻል። ኒዝዋ ከተማ የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ያሉት ሰዎች ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ዓይን አስሸፍነው፣ ከግድግዳ ላይ ፊደል ቁጠር ይላሉ። የዚህን ተራራ ግማሽ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ለጢም አልባ ልጅ ፊደል አልቆጥርም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ትርጉም አይሰጠው።

አንቺ በኻልፋን መኪና ወረድሽ፤ ሥጋውን ከነትኩሱ ታቅፈሽ። በዓሉን ከኬላው አጠገብ፣ መንገድ ዳር እንደ መንገደኛ ተቀምጣችሁ በላችሁ። ማታ ኻልፋን ብቻውን ተመለሰ። «ሚስቴስ?» ብለው፣ «ከባለ መስታወት ጣሪያዋ መኪና ገብተው ወደ ሙስካት ወረዱ» አለኝ። አንቺ የምትለቅሚው ጽጌረዳ በዚያ ዓመት ከነእንቡጡ ደረቀ። ኻልፋን ለለቀማ ሰው ልቀጥርልዎ ብሎኝ ነበር፤ አልፈቀድኩም። ሲያልፍ ያየው ሁሉ የማን እጅ እንደጎደለ ይወቅ ብዬ ተውኩት። አንቺ ግን እዚያ ታች፣ ጥላ በሌለው ሕንፃ ውስጥ፣ የገበያ ዳቦ በፕላስቲክ እያመጣች በምታበላሽ ምራት ቤት እንግዳ ሆነሻል። እንግዳ ሦስት ቀን ይከበራል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆንሽ ራስሽ ታውቂያለሽ።

አሁን ስላለፈው ዐርብ ልንገርሽ።

ከመስጊድ መልስ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ መኪና ቆመ፤ በሮች ተከፈቱ፤ ሰው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። «ኻልፋን፣ ፍየሎችህ ዛሬም የሮማኔን ቅርፊት ላጡት» አልኩት። ዝም አለ። ተቀመጥ አልኩት፤ አልተቀመጠም። «መልእክት ልትጭን ወደ ሙስካት የምትወርድ እንደሆነ ለዚያ ልጅ ንገረው» አልኩት። «እናቱን ስለወሰደ ሰው የሆነ እንዳይመስለው። አባቱ ሲያነብለት የኖረ፣ ሚስቱ የምትመርጥለት፣ ፖሊስ የሚመልሰው ሰው ነው። ከሞትኩም መጥቶ አፈር እንዳያለብሰኝ፤ መኪናው አታወጣውም በለው።» በመካከሉ ፊቴ ላይ ትንሽ ነፋስ ሽው ሲል ተሰማኝ፤ ደግሞም ሽው አለ። ቀኑ ግን ነፋስ አልነበረበትም። ከዚያ እግሩን እየጎተተ ሄደ።

ማታ ኻልፋን መጣና፣ «ኡስታዝ፣ ዘህራንን ምን ቢሉት ነው? የባልደረባውን ፎርዊል ተውሶ ሲወርድ መታጠፊያው ላይ አገኘሁት። መኪናዋን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ደግሞ ከጎኑ የተቀመጡት...» ብሎ ሌላ ወሬ ሊጨምርልኝ አፉን ከፈተ። ውጣ አልኩት።

ዘህራን፣ ድምፅህ አሁን አንሷል፤ ከፍ አድርገው። የገዛ ልጄን ከክንድ ርቀት፣ በቀትር ፀሐይ የማላውቅ ይመስልሃል? አውቄሃለሁ። ኻልፋን ያልኩህ አውቄ ነው። ያልኩህንም ሁሉ ላንተ ብዬ ነው ያልኩት።

እንግዲህ የዘህራን እናት፣ መልስሽን ስሚ። ወረቀቱን ያን ያህል ጊዜ በዓይኔ ፊት ይዤ፣ ገልጬና መልሼ፣ የኋላ ጎማዋ አይጎትትም የሚለውን አንድ መስመር ሳላውቅ ቀረሁ ልበልሽ? እንዲህ ያለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጁ የሚመራው፣ ሚስቱ የምታጎርሰው፣ ጎረቤቱ እጁን ይዞ መስጊድ የሚያደርሰው ሰው ነው። እኔ ያ አይደለሁም። እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። ተራራውን እንደማትወጣ አውቅ ነበር። አውቄ ግዛ አልኩት። ከእናቱና ከለስላሳ መቀመጫ የትኛውን እንደሚመርጥ ልይ ብዬ ነው፤ አየሁም።

ደጄን አልረግጥም ብለሻል። ቃልሽን ጠብቂ። እኔም ቃሌን ጽፌያለሁ።

ስለ ኑሮዬ አትጨነቂ። ያለፈው ዐርብ እንግዳው ከሄደ በኋላ ከግቢው ወደ ቤት ስገባ ድስቱ ተከድኖ፣ እሳቱም ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ ሳልከድነው የወጣሁ መስሎኝ ነበር። የአልጋዬ ብርድ ልብስ ታጥፏል፤ በዳሰስኩት ሁሉ ላይ አቧራ የለም። ለካ ሳላስበው ቤት መያዝ ተምሬያለሁ። ወጡም ውስጥ፣ ከሄድሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጨዉ ልክ ሆኖ ነበር።

አላህ ጉልበትሽን ይጠግን፤ ዕድሜሽን በጤና ያርዝመው። የልጅ ልጆቼን ከክፉ ይሸፍንልሽ። ይህን ላነበበልሽም ሰው መንገዱን ያቅናለት።

አውቆ የፈረደው፣
የዘህራን አባት