ጭቃ ያልበላው ብረት

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ቢላዋዬ ተሰበረ። በሬው ሊሞት ነበር።

ከእንጅባራ ወጣ ብለን ደስታ ለሚባለው የከብት በሽታ ክትባት እየሰጠን ነበር። የአቶ ቢተው በሬ መርፌውን ሲያይ ደነበረ፤ ጭቃው አንሸራተተውና በጎኑ ወደቀ። የታሰረበት ጠፍር አንገቱ ላይ ጠበቀ። ምላሱ ወጣ። ቢላዋዬን ከጠፍሩ ሥር ከትቼ ሳብኩት፤ አልቆርጥ አለኝ። ጠምዘዝ ሳደርገው ቀጭ አለና ግማሹ ሣር ላይ ቀረ፣ እጀታው እጄ ላይ። የአቶ ቢተው ሚስት ማጭድ ይዘው ባይደርሱ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር።

በሬው ተነሥቷል። ግን አንገቱ አብጧል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል። አቶ ቢተው አልተቆጡኝም። “ሐኪም ተብለህ መጥተህ፣ ምን ዓይነት ቢላዋ ነው የያዝከው?” ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ስባሪውን በር ላይ ወጥቼ በብርሃን አየሁት። ስብራቱ የትናንት ብቻ አይደለም! ከዳር በኩል ያለው ቡናማ ነው፤ የሚያብረቀርቀው መሐሉ ብቻ። ቀድሞ ተሰንጥቆ ኖሯል ማለት ነው። ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ሲበላው ከርሟል፣ እኔ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬው ስዞር።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከውጭ የመጣ ነጭ ቢላዋ አሳየኝ። “ይኼ ዝገት የሚባል አያውቅም” አለ። እውነቱን ይሆናል። ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ተጫን ሳደርገው ግን ታጥፎ ቀረ። ባለሱቁ ነጥቆኝ በእጁ አቃናው። በእጅ የሚቃና ቢላዋ ምን ያደርግልኛል?

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ሲጠመዘዝ እንዳይሰበር። ሐምሌን ሙሉ በዝናብ ተይዞ እንዳይዝግ። ሁለቱን ባንድ ብረት የሚያገኝ ሰው አለ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ለመድኃኒቱ በረዶ ላመጣ ዳንግላ ወረድኩ። መካኒኩን ካሣን አገኘሁት፤ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ነገሩን ስነግረው “ባሌስትራ ውሰድ” አለኝ። “የመኪና ሸክም የቻለ ብረት የአንተን ጠፍር አይችልም?” ከጋራዡ ጀርባ ወሰደኝ። የተቆለለው ብረት ሁሉ ዝጎ ቀልቷል። አንድ የባሌስትራ ቅጠል መርጬ ስመለስ እግሬን የሆነ ነገር አደናቀፈኝ። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ዘንግ። ጭቃውን በጫማዬ ብጠርገው ከሥሩ ነጭ ሆኖ አበራ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“የውኃ ፓምፕ ዘንግ ነው። ሁለት ክረምት እዚያው ነው የተኛው።”

ሁለት ክረምት! አውራ ጣት ያክላል፣ ርዝመቱ ክንድ ይሆናል። ሁለቱንም ብረት ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ መኪናው ላይ ዘንጉን በጥፍሬ ስፍቅ ነበር። አንድም የዝገት ጉድጓድ የለውም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

የቤት አከራዬ አንጥረኛ ቤት ምንም እንዳልቀምስ አስጠነቀቀችኝ። የአንጥረኛው የአቶ እንግዳው ቤት ከከተማው ዳር፣ ከቀርከሃው ሥር ነው። ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች አይሠሩም፤ ወሬ ግን አይከለከልም አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አማርኛ እምብዛም ነው፤ ከባላቸው ጋር በአዊኛ ነው የሚያወሩት። ቆሎ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ጥሩ ቆሎ ነው።

አቶ እንግዳው አሮጌ ሞረድ አንሥተው ድንጋይ ላይ መቱት። ለሁለት ተከፈለ። “ይኼ ስለቱ ለጉድ ነው፤ ግን ይሰበራል።” ባሌስትራውን መቱት፤ ነጠረ። “ይኼ አይሰበርም፤ ግን ይዝጋል። በየቀኑ ሰም ትቀባዋለህ።”

ከዚያ ዘንጉን ሰጠኋቸው። አገላበጡት፣ ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ መትተው ድምፁን ሰሙ፣ በምላሳቸውም ቀመሱት። “አላውቀውም” አሉ። አርባ ዓመት ብረት የቀጠቀጠ ሰው አላውቀውም ሲል ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሦስቱንም ሎሚ ጨምቀንባቸው አጥሩ ላይ ለዝናቡ ተውናቸው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

ጠዋት ሞረዱ ቀልቷል። ባሌስትራውም ቀልቷል። ዘንጉ እንዳለ ነው። አቶ እንግዳው “ወይ ጉድ!” ብለው ወዲያው ከሰል አቀጣጠሉ።

ዘንጉን ለሁለት ቆረጡት። እትዬ ጥሩ ወናፉን ይዘዋል። ባሌስትራ ቀላ ሲል እንደ ሰም ይታዘዛል አሉ፤ ይኼ ግን ቀልቶም እምቢ አለ። መዶሻው እየነጠረ ይመለሳል። እስከ እኩለ ቀን ታግለው አንደኛውን ግማሽ ቢላዋ አስመሰሉት። አግለው ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ሲያወጡት ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል።

 ቀጥሎ እትዬ ጥሩ በአዊኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ በእጃቸውም እያሳዩ።

“ምን አሉ?” አልኳቸው።

“ምንም” አሉ አቶ እንግዳው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

አቶ ቢተውን ገበያ አገኘኋቸው። በሬው ሣር ይበላል! ማፏጨቱንም ትቷል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ወደ አቶ እንግዳው ሄድኩ። ባሌስትራውን በማለዳ ቢላዋ አድርገውት ጨርሰዋል፤ ያማረ ነው። ሁለተኛው የዘንግ ግማሽ ግን እሳት ዳር ተቀምጧል። አንገታቸውን ደፍተው፣ “ትናንት ምን አለች መሰለህ?” አሉኝ። “ከእሳት የወጣ ገንቦ ቀዝቃዛ ውኃ ቢነካው ይፈነዳል፤ ይኼም ጠባዩ እንደ ሸክላ ነውና ቀስ ብለህ አብርደው አለች። ብረትን ከጭቃ ጋር!”

“ታዲያ ብንሞክረውስ?”

ፍሙን ቆሰቆሱ። ኋላም የኑግ ዘይት በጣሳ ለብ አደረጉ። ቀጥቅጠው፣ አግለው ነከሩት። ጢሱ ዓይናችንን አጠፋው። ሦስታችንም ጆሮአችንን አቀረብን። ቀጭ አላለም!

በለዘብተኛ ፍም መልሰው ካሞቁት በኋላ ጫፉን ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ከትቼ በጎን ተጫንኩት። ጎበጠ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለቀው ቀጥ አለ። እትዬ ጥሩ ገፋ አደረጉኝና በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። አሁንም ቀጥ አለ። ባላቸውን ዓይን ዓይናቸውን አይተው የሆነ ነገር አሉ። እሱን ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

እሑድ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል። አቶ እንግዳው አንድ ሌሊት በሎሚና በዝናብ ሳልፈትነው አልሰጥም ብለው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ብሄድ እሳቸው ቀድመውኝ አጥሩ ሥር ቆመዋል፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። እጀታው አጠገብ ምስር የምታክል ቡናማ ነጥብ አለች። በአመድ ሲያሹት ለቀቀች።

“ሲቀጠቀጥ የያዘው የእሳት ቅርፊት ያልተነሣበት ቦታ ነው” አሉ።

“እርግጠኛ ነዎት?”

“አይደለሁም።”

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ሁለቱን ቢላዋ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። “ባሌስትራውን አውቀዋለሁ፤ ልጅህ ይወርሰዋል። ይኼኛውን አላውቀውም። ምረጥ።”

የማያውቁትን አነሣሁ።

“ለምን?”

“ዝናብ ላይ የምውል ሰው ነኝ፤ በየቀኑ ሰም አልቀባም” አልኳቸው። ትንሽ ቆይቼ እውነቱን ጨመርኩ፤ “ደግሞ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።”

ሳቁ። ሲስቁ ገና አሁን ማየቴ ነው። “እንግዲያው ክረምቱ ሲወጣ አምጥተህ አሳየኝ። ለመሳል አይደለም፤ ላየው ነው።” እትዬ ጥሩም ከውስጥ አንድ ቃል ጨመሩ። “አሳየን በል አለችኝ” አሉ አቶ እንግዳው፤ ይህችን ሳይደብቁ ተረጎሙልኝ።

እስከ ቤት ድረስ ዝናቡ ወረደብኝ። ነገ ለክትባት ወደ አዘና እንሄዳለን። ቢላዋውን ሳልጠርገው መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቢዝግ አዝናለሁ። ቢዝግም ግን ከየት እንደሚጀምር ማየት አለብኝ።