የተነካ ንጉሥ

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ ኦሮራ

ከሊትልተን የቼዝ ቡድን ጋር ስንገጥም በአንደኛው ቦርድ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ዛሬ ተወሰነ። እኔ አይደለሁም፤ ኪዳኔ ነው። ያ ምላሱ የማያርፍ ሹፌር!

ቦታውን ለመለየት ዛሬ ክለባችን ውስጥ ሁለታችን ተጋጠምን፤ የጣልያንን አከፋፈት ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንቼ ነበር የሄድኩት። ሁለት ሁለት እርምጃ ተጫወትን። ፈረሴ ወጥቷል፣ ተራው የእኔ ነው፣ ጳጳሴን አውጥቼ በቀጣዩ ካስል ላደርግ፣ ንጉሤን ጥግ ላስጠልል ነው። በዚህ መሀል ሐጂ ኑሩ ገቡ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸውና ሁሉም ከመቀመጫው ተነሳ። እኔም ስነሳ የጃኬቴ እጅጌ ንጉሤን ነክቶ ጣለው።

"ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ!" አሉ ሐጂ።

"ዶክተር፣ ንጉሥህን ነክተሃል፤ ታንቀሳቅሰዋለህ" አለ ኪዳኔ። ዶክተር የሚለኝ ሊያሽሟጥጥ ነው።

"ለሰላምታ ስነሳ እኮ ነው!"

"በስህተትም ቢሆን የነካ ያንቀሳቅሳል። ሕጉን ግድግዳው ላይ የለጠፈው ማነው?"

የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ኪዳኔ እንዲሁ ለሐጂ ሲነሳ ንግሥቱን ነካ። "ሕግ ሕግ ነው" ብዬ አስገድጄ እንዲያንቀሳቅሳት አደረግኩና በላሁበት።

ዛሬ ንጉሤን አንድ እርምጃ አንቀሳቀስኩ፤ አንዴ የተንቀሳቀሰ ንጉሥ ካስል አያደርግምና ካስሉ በዚያው ቀረ። በሃያ ስድስተኛው እርምጃ ቼክሜት ሆንኩ። ሳቁብኝ።

ቤት እስክደርስ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኪዳኔም ዛሬ ለሐጂ ተነስቶ ነበር። ሁለት እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ።