ራስዎ ይሰርዙት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሪንሰ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጀርባህ ሕመም የወንዝ ጭቃ በምትጠርገው መርከብህ ላይ ተነሣብህ ወይስ የፓራማሪቦ ሙቀት ፈወሰው? ሻርሚላስ ደህና ናት? ትንሿ ኒሻ ጥርስ አበቀለች? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ በሃርሊንገን ወደብ ዳር እየተመላለሰ የሰው ጀልባ ሲተች ይውላል። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ብስክሌቷን አልተወችም። እኔ ደግሞ ይኸው አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ እጽፍልሃለሁ።

ያንን ቢዝነስ ካርድ ታስታውሳለህ አይደል? እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ባሳተመለት ካርድ ላይ፣ አባባ ከሙያ ኮሌጅ ባገኘው «ኢንግ» ፈንታ የዩኒቨርሲቲዎቹን «ኢር» በስህተት ከስሙ ፊት አስገብተውበት ነበር። ሁለቱም መሐንዲስ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ግን አንዱ ፎቅ፣ አንዱ ምድር ቤት ነው። አለቃው ፋን አስፔረን የካርዶቹን ካርቶን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ፣ እስክሪብቶ አስጨበጠውና «ዎበ፣ ያንተ ያልሆነውን ራስህ ሰርዘው» አለው። አባባ ካርዶቹን ቤት አምጥቶ፣ መስመሩ እንዳይጣመም ማስመሪያ እየደገፈ፣ ማዕድ ቤት ተቀምጦ ሲሰርዝ አየነው። አንተ በሩን ወርውረህ ወጣህ። እኔ ማስመሪያውን ይዤለት ቀረሁ።

ተመርቄ እዚያው መሥሪያ ቤት በተርጓሚነት ስቀጠር «ምን አባሽ ልትሠሪ?» ብለህ ተቆጥተኸኝ ነበር። ሥራ ስላጣሁ ነው አልኩህ። ግማሹ እውነት ነበር።

ባለፈው ወር አንድ የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲ ፋን አስፔረንን በዓመት በዓሉ ላይ የባሕር ማዕበል ስለሚገቱ በሮች ንግግር እንዲያደርግ ጠራው። የሚታደለውን መጽሔት ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ጠራኝና «ስሜ ላይ ፕሮፌሰር ዶክተር በዪው» አለኝ።

«ዶክትሬት የለዎትም እኮ። ፕሮፌሰርም እዚህ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ወንበር የያዘ ብቻ ነው፤ እርስዎ ሐሙስ ሐሙስ የሚያስተምሩ መምህር ነዎት። የእርስዎ ኢር በእንግሊዝኛ ማስተርስ ነው» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ባሕሩን ከተሻገርን ማን ያውቀናል? ተርጓሚ ነሽ ወይስ ዳኛ? አይ ያባትሽ ልጅ፣ አንቺም እንደ እሱ ከማስመሪያ አትወጪም!» አለኝ። አባባ በዚያ ቀጥ ያለ መስመር የሰረዘውን ካርድ ለዓመታት ሲያድል አይቶታላ! ጸሐፊዋ እትዬ ኔልቸ እዚያው ነበረች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ልከራከር እችል ነበር። ግን ወንድም ጋሼ፣ እኔ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተምሬአለሁ። በበዓላቸው ዶክተር የተባለ ሁሉ ዶክትሬቱን ያገኘበትን ዩኒቨርሲቲ ካባ ለብሶ ነው በሰልፍ የሚገባው። የካባውን ነገር ሳይጠይቁ እንደማይቀሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ «እሺ፣ እንዳሉ» አልኩና ጻፍኩለት። በደማቁ አሳተምኩለት።

ማክሰኞ ልደቱ ነበር። እንደ ደንቡ ኬኩን ራሱ ይዞ መጣ፤ እኛም ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ገና ኬኩ ለሁሉ ሳይዳረስ ስልኩ ላይ ከስኮትላንድ ኢሜይል ገባ፤ ሊኮራብን ጮክ ብሎ አነበበው። «ካባዎ የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው? ዶክትሬትዎንስ መቼ ተቀበሉ? በበዓሉ ላይ ስለምናነበው ነው» ይላል። ሰውዬው አመድ መሰለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና «ልጅቷ ትርጉሙን አበላሽታዋለች። ልምድ የላትም፣ አይፈረድባትም። ይቅርታ ትጽፍላቸዋለች» አለ።

የሥራ ውሌ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ የሚፈርመውም እሱ ነው። ዝም ብል ስሜ ይጠፋል፣ ብናገር ሥራዬ። ተናገርኩ።

«አቶ ፋን አስፔረን፣ ማን ያውቀናል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? መቼ ወጣኝ?»

እትዬ ኔልቸ ሳህኗን ቁጭ አደረገችና «ኧረ በኔው ፊት ነው! አንተ ሰውዬ፣ እኔን የግድግዳ ሰዓት አደረግኸኝ እንዴ? የዎበን ካርድ የዘረገፍከውም በኔው ፊት ነው» አለችው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ከሰዓት ይመጣል፤ እንደገና ለማሳተም ጊዜ የለም። ሄጄ የመጽሔቱን ካርቶን አመጣሁና ኬኩ አጠገብ ዘረገፍኩት። ከላዩ እስክሪብቶ አኖርኩ። «የእርስዎ ያልሆነውን ራስዎ ይሰርዙት» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቀን የተናገረው ትዝ ያለው ያኔ ነው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

ሰረዘ። ክሬሙ እስኪደርቅ ድረስ ሰረዘ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ኬኬን በላሁ። ሁለተኛ ቁራጭ ማንሣት እንዴት ያለ ነውር እንደ ሆነ ታውቃለህ፤ አነሣሁ። መስመሩ እየጠመመ ሲያስቸግረው «ማስመሪያ የለሽም?» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። የአባባ ማስመሪያ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ።

ውሌ እንደማይታደስ በማግስቱ ተነገረኝ። ግድ የለም። አንድ የግሮኒንገን አሳታሚ ለፈተና ጠርቶኛል፤ እሱ ባይሆን ሌላ ይጠራኛል፤ ገና ምኑ ተነካና! እማዬ በስልክ ስነግራት «ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት፣ ልጄ» ብላ ተቆጣችኝ። አባባ ስልኩን ተቀበላትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «መስመሩ ቀጥ አለ?» አለኝ። «ጠመመ» አልኩት። ወዲያው ሳቁን ሰማሁት። አባባ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ለሻርሚላ ናፍቆቴን ንገርልኝ። ኒሻን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ለአማትህም እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ላንተ ደግሞ ከመጽሔቶቹ አንዱን፣ በጣም የጠመመውን መርጬ፣ በዚሁ ፖስታ ልኬልሃለሁ። ያን ጊዜ ወጥተህ ስለነበር፣ ይኼኛውን ተቀምጠህ እየው።

እህትህ ሂልቸ
ሮተርዳም፣ ማርች 18 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.