«ሳይቆም» የተሰኘው አልበም ሽያጭ እንዲቆጠርና ቅጂው እንዳይቆራረጥ

ለሙዚቃ ሽያጭ ምዝገባና ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ግንቦት 11

ጉዳዩ፦ በስህተት በአንድ ዘፈን ዋጋ የተሸጠው አልበሜ «በቅናሽ የተሸጠ» ተብሎ ከሽያጭ ቁጥር መውጣቱን ስለመቃወም፣ እንዲሁም ውሳኔ እስኪሰጥ ቅጂው እንዳይነካ እግድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች «ሳይቆም» የተሰኘው አልበም ድምፃዊትና የግጥሞቹ ደራሲ ስሆን፣ መተዳደሪያዬ ስታትስቲክስ ማስተማር ነው። ሙያዬን የምጠቅሰው ለመኩራራት አይደለም። ቅሬታዬን ይዤ ስመጣ በመስኮት ሦስት የሚያገለግሉት ሠራተኛ «እህቴ፣ ይሄ የቁጥር ነገር ነው፤ የሚገባው ሰው ይዘሽ ነይ» ስላሉኝ ነው። የሚገባው ሰው እኔ ነኝ። ይዤው የምመጣ ሌላ ሰውም የለኝም። ስለዚህ ጉዳዩን ራሴ አስረዳለሁ።

1. አልበሙ አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉት። ሁሉም የተቀዱት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጡ ነው። ፒያኖውን የተጫወተው አባቴ ነው። ዕድሜውን በሆቴል አዳራሽ፣ ሹካና ማንኪያ በሚንኳኳበት መሃል ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚንቀጠቀጥበት፣ የፒያኖው ቁልፎች ላይ ሲሆን ግን የሚረጋበት ሕመም ያዘው። በቀረጻው ዕለት «አታስቁሙኝ፤ ካቆምኩ ይሄ እጅ የኔ አይደለም» አለ። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ በምልክት «ጋሼ፣ ትንሽ እንረፍ?» ቢለው፣ አባቴ እንዳላየ ዓይኑን ጨፈነበት። በዚህ ምክንያት ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስንሻገር እጁን ሳያነሳ የተጫወተው ሁሉ የአልበሙ አካል ነው። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት አባቴ አረፈ።

2. አሳታሚው ኩባንያ ቅጂውን ለኢንተርኔት የሙዚቃ መደብሩ የላከው እንደተቀዳው፣ በአንድ ፋይል ነው። የመደብሩ ሥርዓት ደግሞ ዋጋ የሚተምነው በፋይል ብዛት ነው፤ አንድ ፋይል ማለት ለእሱ አንድ ዘፈን ማለት ነው። የኩባንያው ሠራተኛ «ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አንድ» ብሎ ሞላ። አልዋሸም፤ ፋይሉ አንድ ነው። አልበሙን አንዴ ቢያዳምጠው ኖሮ ግን እንዲያ አይሞላም ነበር። በዚህም የተነሳ አሥራ አንድ ዘፈኖች የያዘ አልበም፣ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ለዘጠኝ ቀናት በአንድ ዘፈን ዋጋ ተሸጠ። የመደብሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ በአባሪነት ቀርቧል።

3. በእነዚያ ቀናት ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች አልበሙን ገዝተው አወረዱ። ዋጋው በታረመ ማግሥት ግዢው ቆመ ማለት ይቻላል። ግራ ገብቶኝ ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ስደውል «አይዞሽ የኔ እህት፣ ሳንከፍል ማስታወቂያ ተሠራልሽ ማለት ነው፤ ደስ ይበልሽ እንጂ» አሉኝ። በኋላ ኩባንያው ለጽሕፈት ቤትዎ ባቀረበው ሪፖርት ግን ስህተቱ ስህተት መባሉ ቀርቶ «የማስተዋወቂያ ቅናሽ» ተባለ። ስለ ቅናሹ እኔን የጠየቀኝ የለም። ለሕዝብም አልተነገረም። ቅናሽ መሆኑ የታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

4. በጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ መሠረት፣ ዋጋው ተቀንሶ ከመደበኛው ግማሽ በታች የተሸጠ አልበም እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ሽያጭ አይቆጠርም። ስለዚህ አራት ሺህ ገዢዎቼ በአንድ አንቀጽ ጠፉ። በሙሉ ዋጋ የገዙት ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም።

5. ከኩባንያው ጋር ባለን ውል፣ አልበሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሺህ መሸጡ በጽሕፈት ቤትዎ ካልተረጋገጠ፣ ኩባንያው ቅጂውን እንደፈለገ ቆራርጦ በየዘፈኑ መሸጥ ይችላል። አባቴና እኔ ይህን ስንፈርም አልፈራንም ነበር። «ሦስት ሺህ ሰው? ሆቴሉ ውስጥ በአንድ ክረምት ከዚያ በላይ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኛል» ብሎ ስቆ ነው የፈረመው። ዓመቱ አልፏል። ኩባንያው ከፊታችን ወር መጀመሪያ አንስቶ ዘፈኖቹን ለያይቶ እንደሚያወጣና «መሸጋገሪያዎቹን» እንደሚያስወግድ በደብዳቤ አሳውቆኛል።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይህ ነው።

መመሪያውን አልቃወምም። ኩባንያዎች አልበም በነፃ እየበተኑ በሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ እንዳይወጡ ለመከልከል የወጣ ተገቢ መመሪያ ነው። ነገር ግን መመሪያው «ዋጋው ተቀንሶ» ይላል። መቀነስ ሐሳብን ይጠይቃል፤ አስቦ የቀነሰ ሰው ያስፈልገዋል። በእኔ አልበም ላይ ዋጋ የቀነሰ ሰው የለም። ዘፈን መቁጠር ያቃተው አለ እንጂ።

ጽሕፈት ቤትዎ በቃል የሰጠኝ ምክንያት ሌላ ነው። «በርካሽ የወሰደ ሰው አልበሙን ፈልጎ ሳይሆን ዋጋውን ፈልጎ ነው» ተብያለሁ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ አልክደውም። ዋጋ ሲወርድ እግረ መንገዱን የሚያነሳ አለ። ከገዢዎቹ መካከል ግን በሙሉ ዋጋም ቢሆን ይገዛ የነበረ ሰው አለ። ደመወዝ ሲወጣ ሊገዛ ያሰበ፣ ጓደኛው ሲያሰማው ቆይቶ ልቡ የከጀለ። ያ ሰው አልበሙን አንዴ ስልኩ ላይ ካወረደ በኋላ በሙሉ ዋጋ ሊገዛ ተመልሶ አይመጣም። ዋጋው በታረመ ማግሥት ግዢው የተቋረጠው ዘፈኑ ስለተጠላ አይደለም፤ በመጪዎቹ ወራት ሊገዙ የሚችሉት ሰዎች በዘጠኝ ቀናት ገዝተው ስላለቁ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በርካሽ የገዛውን ሰው አልቆጠረውም። በሙሉ ዋጋ ሊገዛ የነበረውንም «አልመጣም» አለው። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ተሰረዘብኝ።

ሌላም አለ። ሙዚቃ በስልክ መውረድ ከጀመረ ወዲህ ሰው የወደደውን አንድ ዘፈን ነጥቆ የቀረውን ትቶ ይሄዳል። ይህን የሚለው የጽሕፈት ቤትዎ የራሱ ዓመታዊ መግለጫ ነው፤ «አልበም የሚገዛ ጠፋ» ብሎ ያዝናል። የእኔን አልበም ነጥሎ ማውረድ አይቻልም ነበር። የወሰደ ሁሉ ከነሙሉው ወሰደ። አልበም ገዢ ጠፋ በሚባልበት ዘመን አራት ሺህ አልበም ገዢ ይዤ ብመጣ፣ አልበም አልገዙም ተባለ።

በተቃራኒው፣ በሲዲ የሚወጣ አልበም ኩባንያው ለሱቆች ባከፋፈለበት ቀን ተሸጧል ተብሎ እንደሚመዘገብ አረጋግጫለሁ። በምሠራበት አካባቢ ያለው ሲዲ ሻጭ፣ ባለፈው ዓመት በሽያጭ አንደኛ የወጣውን አልበም ከነካርቶኑ አሳይቶኛል። ካርቶኑ አልተከፈተም። «ለነሱ ተሸጧል፣ ለኔ ወንበር ሆኗል፤ እንዲያውም ጥሩ ወንበር ነው፣ ተቀመጪበት» አለኝ። ተቀመጥኩበት። ማንም ያልሰማው አልበም በሙሉ ዋጋ ስለተጫነ ሽያጭ ከሆነ፣ አራት ሺህ ሰው ከኪሱ ከፍሎ የሰማው ምን ሊባል ነው?

ክቡር ኃላፊ፣ የሚከተለው ለክርክሩ እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ግን የሆነ ነገር ስለሆነ እጽፈዋለሁ። በኢንተርኔት ሲሸጥ ገዢ አይታይም። በር የሚያንኳኳ፣ አስፈርሚኝ የሚል፣ በመንገድ የሚያቆም የለም። የኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ቁጥር ይጨምራል፣ ያ ነው። ቁጥሩ ሺህ ባለፈ ጊዜ ሳላስበው «አባዬ!» ብዬ ወደ ማዶ ክፍል ተጣራሁ። ከዚያ ተነስቼ ሄጄ የክፍሉን መብራት አበራሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አራት ሺህ ሰው በየቤቱ ከአባቴና ከእኔ ጋር ተቀምጦ ነበር። እኔ ቤት ማንም አልነበረም። እነዚያ ሰዎች መኖራቸውን የሚመሰክርልኝ የእናንተ መዝገብ ብቻ ነበር። አሁን እሱም «የሉም» ይላል።

አቤቱታዬን ለማስገባት ስመጣ፣ የሁለተኛው ባለመብት ፊርማ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። በመስኮቱና በእኔ መካከል የሆነው ይህ ነው። «አባትሽ ይምጡና ይፈርሙ።» አርፏል አልኳቸው። «ነፍስ ይማር። ወንድም ይፈርማ።» የለኝም። «እህት?» የለኝም። ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሊረዱኝ ፈልገው ትንሽ አሰቡና «አጎትም ቢሆን ግድ የለም» አሉ። በሁለተኛው ባለመብት ቦታ ላይም እኔው ፈርሜያለሁ። ጉድለት ነው ከተባለ፣ ጉድለቱ የአቤቱታው አይደለም።

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች፦

ሀ) በዘጠኙ ቀናት የወረዱት ቅጂዎች በዋጋ ቅናሽ ሳይሆን በአመዘጋገብ ስህተት የተሸጡ መሆናቸው ታውቆ፣ በአልበም ሽያጭነት እንዲቆጠሩልኝ፤

ለ) ኩባንያው በሪፖርቱ ያሰፈረው «የማስተዋወቂያ ቅናሽ» የሚለው ቃል፣ ቅናሹን ማን፣ መቼና በማን ፈቃድ እንዳደረገ ማስረዳት ካልቻለ ከመዝገቡ እንዲሰረዝ፤

ሐ) ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ኩባንያው ቅጂውን እንዳይቆርጥ፣ እንዳያሳጥርና ለያይቶ እንዳያወጣ በአስቸኳይ እንዲጻፍለት እጠይቃለሁ። የተቆረጠ ነገር በኋላ በውሳኔ አይቀጠልም።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ሳምንት ሌላ መንገድ አሳይተውኛል። አቤቱታውን ከተውኩ፣ ዘፈኖቹ በተለያዩበት መልክ ፎቶግራፌ ከፊት ወጥቶ፣ በሙሉ ዋጋ፣ በትልቅ ማስታወቂያ እንደሚሸጡልኝ ነገሩኝ። «ሰው የሚፈልገው አንቺን ነው፤ የሽማግሌውን ፒያኖ ማን ይጠብቃል?» አሉ። አመስግኜ ወጣሁ። ያመሰገንኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰቡትን በግልጽ ስለነገሩኝ ነው።

በመጨረሻ፣ ስለሚወገደው ነገር። ኩባንያው ከደብዳቤው ጋር ከቅጂው የሚወጡትን ክፍሎች ዘርዝሮ ልኮልኛል። ከስድስተኛው ዘፈን ቀጥሎ ያለውን «የክፍል ውስጥ ጫጫታ» ብሎታል። እዚያ ላይ ጉሮሮዬ ደርቆ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። ሁሉም ነገር የተበላሸ መሰለኝ። አባቴ መጫወቱን ሳያቆም «ውሃ ጠጪ እንጂ ልጄ፤ ቀስ በይ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ ይሰማል። ከዚያ እኔ እስክመለስ ድረስ፣ በዚያች በታመመች እጁ፣ ያንኑ አጭር ዜማ እየመላለሰ ይጠብቀኛል። በቅጂው ላይ የእሱ የንግግር ድምፅ የሚሰማው እዚህ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የተቀረጸም የለኝም።

ውሳኔዎ በእኔ ላይ ከሆነ ይግባኝ እላለሁ፤ ይህን ከወዲሁ ይወቁልኝ። ነገር ግን ቅጂው ይቆረጥ ተብሎ የሚወሰን ከሆነ፣ የሚጣለው ነገር በውሳኔው ላይ በትክክለኛ ስሙ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። «ጫጫታ» አይባል። «አንድ አባት ልጁ ውሃ እስክትጠጣ ሲጠብቃት» ተብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩም ክቡርነትዎ ይፈርሙበት።

ከጽኑ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)

የ«ሳይቆም» ድምፃዊት፣ የፒያኒስቱ ልጅ