የጋሽ መገርሳን ድንኳን ለነቀሉብን ለ«ቀለም ሰፈር» ድረ ገጽ አስተዳዳሪ

«ጽሑፍዎ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ስለተገኘ ተነስቷል» ነው ያሉኝ? ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ ሥራ! መልእክትዎ ሲደርሰኝ ቃሊቲ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ «ሳሪስ፣ ስታዲየም!» እያልኩ ስለነበረ ወዲያው ላመሰግንዎት አልቻልኩም፤ አፌ ሥራ ላይ ነበር። ሰላምታውንም አስረሱኝ። ይኸው አሁን፦ ክቡር አስተዳዳሪ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ኮምፒውተርዎስ ደህና ነው? ያቺ አንዴ ነክታ የሰው ዕድሜ የምታጠፋው ጣትዎ ቁርጥማት እንዳይዛት ከነቤተሰቤ እጸልያለሁ።

እኔን አያውቁኝም መሰለኝ። ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የማያውቀኝ የለም። የሺዋስ እባላለሁ፤ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ድምፄን ግን የትኛውም ከባድ መኪና አይሸፍነውም። የሰፈራችን ዕድር ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የመረጠኝም በዚሁ ድምፄ ነው። ማይክ አያስፈልገኝም፤ መጨረሻ ላይ የቆመ ለቀስተኛ እንኳን «ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም። በኋላ ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ ሰለቸኝና ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ጉራ አይደለም፤ እኔ ከጻፍኩ ወዲህ በደረቅ ዓይን ከቀብር የተመለሰ የለም። የጻፍኩትን ሁሉ ደግሞ እናንተ ገጽ ላይ አወጣ ነበር።

ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮ ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፦ የጋሽ መገርሳን ታሪክ ቀደም ብለን ከቀበርናቸው ከእማማ አደሴ ታሪክ ነው የቀዳኸው ብለውኛል። የእማማ አደሴንም የጻፍኩት እኔው ነኝ! የሺዋስ ከየሺዋስ ሰረቀ፤ እንደዚህ ያለ ሌባ በመያዝዎ እንኳን ደስ ያለዎት። መመሳሰሉማ ይመሳሰላል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ሳይባልለት፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ሳይባልለት የተቀበረ ሰው የት አይተዋል? እንዲለይልዎት ጋሽ መገርሳ ከአጎታቸው ተወለዱ ልበል?

ሁለተኛ፦ ያነሱት ማንን እንደሆነ ላስተዋውቅዎት። ጋሽ መገርሳ የተወለዱት አሁን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የቆመበት እርሻ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የምድር ባቡር ሀዲድ ሲጠግኑ ኖሩ። አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላ እንኳን ጠዋት ጠዋት የብሎን መፍቻቸውን ይዘው ሀዲዱን ተከትለው ይሄዱ ነበር፤ የላላ ብሎን ሲያገኙ ያጠብቃሉ። ሰፈሩ «አበዱ» አለ። ታመው ሲተኙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ጋሼ፣ ባቡር ለማይመጣበት ሀዲድ ምን አለፋዎት?» አልኳቸው። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ መለሱልኝ። እንዳለ ጻፍኩት። ቀብራቸው ላይ ሳነበው «አበዱ» ሲል የነበረው ሁሉ ነጠላውን ዓይኑ ላይ አደረገ።

ምን ብለው መለሱ? ይኼን እኔን አይጠይቁኝ። እርስዎ ጋ ነው ያለው።

«ለራስህ አላስቀረህም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ እኔ በስልኬ ቀጥታ እናንተ ገጽ ላይ ነው የምጽፈው፤ ቀብር ላይም ከስልኬ ነው ያነበብኩት፤ በዕድራችን የመጀመሪያው ሰው ነኝ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደገብርኤል «አንተ ልጅ፣ ወረቀት ላይ ገልብጠው» ሲሉኝ በሰው ፊት «ጋሼ፣ ወረቀት ዝናብ ይበላዋል፤ ይኼ ዘላለም ነው» ብያቸዋለሁ። ስልኬን ታክሲ ግፊያ ላይ ሲመነትፉኝም ብዙ አልደነገጥኩም፤ ሌላ ገዛሁ፤ ጽሑፉ እንደሆነ እርስዎ ጋ ነዋ! አሁን ጋሽ ወልደገብርኤል ባዩኝ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያነሱና «የሺዋስ፣ እንዴት ነው፣ ዘላለም አለቀ እንዴ?» ይሉኛል።

ሦስተኛ፦ ይኼኛው ቀልድ የለበትም። ኢፍቱ የጋሽ መገርሳ አንድያ ልጅ ናት፤ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። አባቷ ሲሞቱ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም፤ አልቀበረችም። የደረሰችበት ለቅሶ የእርስዎ ገጽ ብቻ ነበር። ሰፈርተኛው ከጽሑፉ ሥር «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ ጽፎላታል፤ ሥራዋን ስትጨርስ ትከፍተዋለች፣ ለእያንዳንዱ ትመልሳለች። ቁጭ ብላ ያለቀሰችው እዚያ ነው። ባለፈው ደወለችልኝና «የሺ፣ አባዬ የለም» አለችኝ። ኔትወርክ ነው አልኳት። ቆይቼ ደግሞ ከላይ ተዘግቶ ይሆናል አልኳት፤ ግን ጋሽ መገርሳ መንግሥትን ምን አድርገው ይዘጋሉ? ለካ እርስዎ ነዎት።

እንደገና ልጽፈው ሞከርኩ። መጀመሪያውን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። ጋሽ መገርሳ ያሉኝ ቦታ ስደርስ ግን ቃላቸው በትክክል አይመጣልኝም። እንደምንም ጨርሼ በስልክ አነበብኩላት። «እንደሱ አይደለም ያለው» አለችኝ። ሌላ ዓይነት አድርጌ አነበብኩ። «ይኼ ያንተ ነው የሺ፣ የአባዬ አይደለም።» ደግሜ ልሞክር ስል «ተወው በቃ፣ አትድከም» አለችኝ።

አራተኛ፦ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጥበቃው «ማንን ፈልገህ ነው?» ሲለኝ «የጠፋ ሰው» አልኩት። ስቆ «አቤቱታ በኦንላይን ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። በኦንላይን ላክሁ፤ ወዲያው «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አሉኝ። ምስጋናዎን ተቀብያለሁ። ጋሽ መገርሳን ግን አልተቀበልኩም።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ይቅር፣ ቁጥሩ ሰለቸኝ። ስለ ድንኳን ብቻ ልንገርዎት።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። የሟች ልጅ መንገድ ላይ ነች ከተባለ ድንኳኑ አይነቀልም። ዝናብ ቢመታው፣ ወንበሩ ባዶ ቢሆን፣ ሌላ ለቅሶ ቤት ቢፈልገው እንኳን እሷ ገብታ እስክታለቅስ ይጠበቃል። ይኼን ለማወቅ ስድስተኛ ክፍል መድረስም አያስፈልግም። እርስዎ ግን ልጅቷ ገና እያለቀሰች ወንበሩን ከሥሯ ስበው፣ ለቀስተኛውን በትነው፣ ድንኳኑን ጠቅልለው ሄዱ። ለትጋትዎ አመሰግናለሁ።

ኢፍቱ ኮንትራቷን ጨርሳ ቅዳሜ ለሙት ዓመቱ ትገባለች። እናቷ እትዬ ጠጄ ማንበብ አይችሉም፤ እጄን ይዘው «ልጄ ስትመጣ ያንን ታነብላታለህ፣ አይደል?» ብለውኛል። «እንዴታ!» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል? ቅዳሜ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ኢፍቱ ፊት ለፊቴ ሆና፣ እኔ ያ ሁሉ ድምፅ ይዤ የምለው የለኝም።

ጠረጴዛዎን፣ መመሪያዎንና ያቺን ጣትዎን ከነሙሉ ክብራቸው እጅ ነስቼ የምሰናበትዎት፣ የቃሊቲ ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ የዕድሩ አንባቢ፣ የራሱን ጽሑፍ ሰርቆ የተያዘው የሺዋስ ነኝ። ይኼን ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ። በወረቀትም ገልብጬ ተራው ግንብ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጋሽ ወልደገብርኤል ሙጫውን ይዘውልኛል።

ሳልረሳው፦ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎትና የእርስዎም ቀን ሲደርስ ታሪክዎ የሚጀምረው በዚያው «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ» በሚለው ነው። «ከጋሽ መገርሳ ጋር ይመሳሰላል» ብሎ የሚያነሳብዎት የለም፤ አንባቢ ከጠፋም እኔ አለሁ፣ ማይክ አያስፈልግም። እስከዚያው ሰውዬውን ይመልሱልን። ከቅዳሜ በፊት። ቶሎ መልስ ይስጡኝ!